ቼኮ ክላክስ ሲያደርግ የሚሳቀው በማን ነው?

ሰሞኑን ኖርዌይ፣ ቤርገን ከተማ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «አንብበውና ደውልልኝ» ብላበታለች። አነበብኩት። ደወልኩላት። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ስልኩን ልትዘጋ ስትል «እኔን ከምታደክመኝ ለምን አትጽፈውም?» አለችኝ። ይኸው።

ጽሑፉ ጣሊያኖችና ኖርዌያውያን ፊልም ላይ ሲገናኙ ስለሚፈጠረው ቀልድ ነው። ዋናው ተከሳሽ «ክዎ ቫዶ?» የተባለው የጣሊያን ኮሜዲ ነው። ጸሐፊው አምስት ክስ መሥርተዋል። ቀልዱ ያረጀ ነው፤ ጣሊያን ይጮኻል፣ ኖርዌያዊ ዝም ይላል፣ በቃ ይኸው ነው ይላሉ። ፊልሙ ኖርዌይን ገነት አድርጎ የገዛ አገሩን ይሰድባል ይላሉ። ዋናው ተዋናይ ጸጉሩን ብጫ መቀባቱ የርካሽ ቀልድ ጥግ ነው ይላሉ። ኖርዌያውያን ደግሞ ቀልድ ስለማያውቁ መልስ አልሰጡም፤ ስለዚህ ነገሩ የአንድ ወገን ስድብ ሆኖ ቀርቷል ይላሉ። መዝጊያቸው ላይ «ለመሆኑ ይህ ለእኛ ለሐበሾች ምናችን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ጥሩ ብዕር አላቸው። ዝም ብዬ ያላለፍኩትም ለዚህ ነው።

ፊልሙን ላላያችሁ ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቼኮ የፑሊያ ሰው ነው። ፑሊያ ማለት ጣሊያንን እንደ ቦቲ ጫማ ስታዩዋት ተረከዙ ላይ ያለችው የደቡብ ክልል ናት። ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፤ የሚኖረው ግን እናት አባቱ ቤት ነው። ሥራው አውራጃ ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብሎ የአደንና የዓሣ ማስገር ፈቃድ ላይ ማህተም መምታት ነው። ሥራው ቀላል ይሁን እንጂ ቋሚ ነው። ጣሊያኖች «ፖስቶ ፊሶ» ይሉታል። ማንም የማይነቀንቅህ፣ እስከ ጡረታ የሚያደርስህ ወንበር ማለት ነው። ቼኮ ገና ሕፃን ሆኖ «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲባል ሐኪም አይልም፣ ፓይለት አይልም። ፖስቶ ፊሶ ነው የሚለው።

ከዚያ መንግሥት አውራጃዎችን ላጥፋ ይላል። ይህ ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አይደለም። ጣሊያን በ2014 ባወጣችው ሕግ የአውራጃ መስተዳድሮችን ሥልጣን በእርግጥም ቀንሳለች። ሠራተኛው ወይ ገንዘብ ተቀብሎ ይለቃል፣ ወይ ይዛወራል። ቼኮ አልለቅም አለ። ሲሮኒ የተባለች የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደግሞ ሳላስፈርመው አልተኛም አለች። ገንዘቡን ትጨምራለች፤ እሱ እምቢ ይላል። ሩቅ ቦታ ትልከዋለች፤ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። በመጨረሻ የጣሊያን ተመራማሪዎች ወደሚሠሩበት የአርክቲክ ጣቢያ ወረወረችው። ሥራው ተመራማሪዎቹን ከነጭ ድብ መጠበቅ ሆነ። እዚያ ቫሌሪያን አገኘ። ጣሊያናዊት ናት፤ ግን የኖርዌይን ኑሮ ለምዳለች። ከሦስት የተለያዩ አባቶች የወለደቻቸው ሦስት ልጆች አሏት። ተከትሏት ቤርገን ገባ። ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ፊልሙን የመራው ጄናሮ ኑንዚያንቴ ነው፤ ቼኮን የሚሠራው ቼኮ ዛሎኔ የተባለው ኮሜዲያን ነው። በጥር 1 ቀን 2016 ጣሊያን ሲኒማ ቤቶች ገባ። ከ65 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አስገባ፤ ከ9 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተቆረጠለት። አገሪቱ በጠቅላላው ያላት 60 ሚሊዮን ሰው ነው።

አሁን ወደ ክሱ። ጸሐፊው «ጣሊያን ይጮኻል፣ ኖርዌያዊ ዝም ይላል» ሲሉ ማስረጃቸው የክላክሱ ትዕይንት ነው። እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ቼኮ መኪና ውስጥ ነው። ከፊቱ ያለው መኪና አልነቃነቅ አለ። የቼኮ እጅ ክላክሱ ላይ ዐረፈ። ቫሌሪያ ተቆጣችው፤ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም። አለቀ።

ከፊት ያለው ኖርዌያዊ ምን አደረገ? ምንም። ማንም አልቀለደበትም። ቀልዱ በሙሉ ያለው የቼኮ እጅ ላይ ነው። እጁ ከራሱ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ሲኒማ ቤት የተቀመጠው የባሪ ወይም የናፖሊ ሰው ያን እጅ አሳምሮ ያውቀዋል። ወደ ሲኒማ ቤቱ ሲመጣ መንገድ ላይ እሱም ሲያደርገው ነበር። የሚስቀው በራሱ እጅ ነው።

(በነገራችን ላይ «ክላክስ» የምንለው ቃል የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። መኪናም፣ ጎማም፣ ፌርማታም እንዲሁ። አዲስ አበባ ላይ ፌርማታ ጋ የቆመ መኪና ከኋላው ክላክስ ሲደረግበት፣ የዐረፍተ ነገሩ ግማሽ ጣሊያንኛ ነው። ጠባዩ ግን የራሳችን ነው።)

የሰውን ጠባይ ያጋነነ ሁሉ ሰደበ ማለት አይደለም። እኔ እንዲህ ያለ ፊልም ሳይ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የሚሳቀው በማን ነው? የተሳቀበት ሰውስ ፊልሙ ሲያልቅ እንደ ጀመረ ነው? ቼኮ እንደ ጀመረ አይቀርም። ወረፋ መጠበቅ ይማራል፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይማራል፣ የሌላ ሰው ልጆች ማሳደግ ይማራል። ከዚያ ደግሞ የተማረውን ይጥላል። ድርቅ ያለ ሥዕል ቢሆን ኖሮ ወዲያም ወዲህም አይልም ነበር።

ደግሞስ ዒላማው ክላክስ ነው እንዴ? ዒላማው ያ ወንበር ነው። በ2012 መጀመሪያ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ማሪዮ ሞንቲ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው፣ ወጣቱ ዕድሜ ልክ አንድ ቋሚ ሥራ የሚለውን ይርሳው፣ ደግሞም አሰልቺ ነው ሲሉ አገሩ በሙሉ ተንጫጫባቸው። ሥራ ያጣ ወጣት በሞላበት አገር እንዲህ ይባላል? ፊልሙ ውስጥ ሊኖ ባንፊ የሚሠሩት አንድ ሽማግሌ ሴናተር አሉ፤ ሥራቸው ቼኮን «ወንበርህን እንዳትለቅ» እያሉ መምከር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረታችንን ጣሊያንኛ ተርጉሞ ሱፍ ያለበሰው ይመስላል። ሴናተሩ የኖርዌይ ሰው አይደሉም። ዋናው ዱላ የሚያርፈው ሮም ላይ ነው።

ሁለተኛው ክስ «ኖርዌይ ገነት ሆና ቀረበች» የሚለው ነው። ጸሐፊው ፊልሙን እስከ መጨረሻው ማየታቸውን የጠረጠርኩት እዚህ ጋ ነው። ይቅርታ ይደረግልኝ። ገነት የምትመስለው እስኪከረምባት ድረስ ነው። ክረምቱ ይገባል። ይጨልማል። ቼኮ መስኮት መስኮቱን ያያል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳንሬሞ ይመጣል።

ይህ ትዕይንት ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ጣሊያን ላልሆነ ሰው ግማሹ ያመልጠዋል። ሳንሬሞ የጣሊያን የዘፈን ውድድር ነው፤ በየዓመቱ አገሩ በሙሉ ተቀምጦ ያየዋል። አል ባኖና ሮሚና ፓወር ደግሞ ባልና ሚስት ዘፋኞች ነበሩ። «ፌሊቺታ» የተባለው ዘፈናቸው፣ ትርጉሙ ደስታ ማለት ነው፣ በ1982 ሳንሬሞ ላይ ሁለተኛ ወጥቶ የሠርግ ቤት ዘፈን ሆነ። ከዚያ ተፋቱ። በየካቲት 2015 ደግሞ ከስንት ዓመት በኋላ እዚያው ሳንሬሞ መድረክ ላይ አብረው ቆመው ዘፈኑ። ቼኮ ቤርገን ቁጭ ብሎ የሚያየው ይህንን ነው። እንባው ይወርዳል። አል ባኖ የፑሊያ ልጅ መሆኑን አትርሱ፤ የቼኮ አገር ሰው ማለት ነው። ስደት ላይ ሆኖ ምሽት ላይ ድንገት የጥላሁን ዘፈን የሰማ ሰው «ይህ ደግሞ ምን ያስለቅሳል?» ብሎ አይጠይቅም።

ጸሐፊው አገሩን የሚሰድብ ሰው ነው ያሉት ይህን ሰው ነው።

ግን እውነት ለመናገር ፊልሙ እዚህ ጋ አንድ ነገር አጭበርብሯል። የአክስቴ ልጅ ናት ያስታወሰችኝ። «ቤርገን ዋና ችግሯ ጨለማ አይደለም፣ ዝናብ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ቤርገን በሰሜን ኬክሮስ 60ኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ ታኅሣሥ ውስጥ እንኳ ቢያንስ አምስትና ስድስት ሰዓት ብርሃን አላት። ፀሐይ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ጭራሽ የማትወጣው ቼኮ መጀመሪያ በተላከበት በአርክቲኩ በኩል፣ ስቫልባርድ በተባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ላይ ነው። ሁለቱ መካከል የሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። ፊልሙ የስቫልባርድን ሌሊት አምጥቶ ቤርገን ላይ ጋርዶታል። የአክስቴ ልጅ ቤርገን በገባች በመጀመሪያው ወር ሦስት ጃንጥላ ነፋስ ሰብሮባታል። አራተኛውን አልገዛችም። «ኮፍያ ያለው ጃኬት ገዛሁና ሰው ሆንኩ» ትላለች።

ሌላም ቅሬታ አለኝ፤ ጸሐፊው አላነሡትም። ፊልሙ የኖርዌይን ሥርዓት ውጤቱን ብቻ ያሳያል እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግረንም። ልጅ አቅፎ የሚሄደው አባት ከእናቱ ማህፀን እንዲያ ሆኖ አልወጣም። ኖርዌይ በ1993 ከወሊድ ፈቃዱ ላይ አራት ሳምንት ለአባት ብቻ ለየች፤ አባትየው ካልወሰደው ይቃጠላል። ያን ጊዜ ነው አባቶቹ ጋሪ መግፋት የጀመሩት። ይህ ቢገባበት ኖሮ፣ ጣሊያንና ኖርዌይ በደም ይለያያሉ የሚል ስሜት የሚያሳድረው ያ ቀጭን ነገር ከፊልሙ በጠፋ ነበር። ጸሐፊው ፊልሙን መውቀስ ከፈለጉ በዚህ ቢወቅሱት ከእሳቸው ጋር እቆም ነበር።

ወደ ብጫው ጸጉር እንምጣ። ይህኛው ላይ ጸሐፊው በጣም ነው የተሳሳቱት።

ቼኮ ኖርዌይን ሲወድ ጸጉሩንና ጺሙን ብጫ ይቀባል። አስቀያሚ ነው፣ ያስቃል። ጸሐፊው «ከዚህ የወረደ ቀልድ የለም» ይላሉ። ይህ ቀልድ ግን አያት አለው። በ1974 የወጣ «ዳቦና ቸኮላታ» የሚባል የጣሊያን ፊልም አለ። ፍራንኮ ብሩሳቲ ነው የመራው፤ ኒኖ ማንፍሬዲ ይሠራበታል። ታሪኩ ስዊዘርላንድ ሄዶ አስተናጋጅነት ስለሚሠራ ጣሊያናዊ ነው። ጊዜው ጣሊያኖች በገፍ ለሥራ ወደ ሰሜን የሚሰደዱበት ነው። በ1970 ስዊዘርላንድ ውስጥ የውጭ አገር ሰው ቁጥር ይገደብ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ፣ በጥቂት ልዩነት ነው የወደቀው። «የውጭ አገር ሰው» ሲባል በአብዛኛው ጣሊያን ማለት ነበር።

ኒኖ የሥራ ፈቃዱን ያጣል። አገሬ አልገባም ይላል። በመጨረሻ ጸጉሩን ብጫ ይቀባና ራሱን እንደ እነሱ ያደርጋል። አንድ ቡና ቤት ይገባል። ቴሌቪዥኑ ላይ ጣሊያን ኳስ ትጫወታለች። ዙሪያውን ያሉት ሰዎች ጣሊያንን ያብጠለጥላሉ። እሱ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። ጣሊያን ስታገባ ግን አልቻለም። «ጎል!» ብሎ ጮኸ። ብጫው ጸጉር ምንም አላዳነውም።

ይህን ትዕይንት የማያውቅ በዕድሜ ገፋ ያለ ጣሊያናዊ ማግኘት ይከብዳል። አሁን የቼኮን ጸጉር መልሳችሁ እዩት። ኒኖ የተቀባው ፈርቶ ነው፤ ፖሊስ እንዳያባርረው። ቼኮ የተቀባው ግን ፖሊስ ፈርቶ አይደለም፤ ወረቀቱ የተሟላ ነው፣ የተቀባው ወዶ ነው። ኒኖን የከዳው ኳስ ነበር፤ ቼኮን የከዳው ዘፈን ነው። ሁለቱም ጋ የሚያጋልጠው ቴሌቪዥን ነው። በሁለቱ ፊልሞች መካከል አርባ ሁለት ዓመት አለ። ልዩነታቸውን ያየ ሰው የአንድ አገር ዕድል እንዴት እንደተቀየረ በሁለት ቆርቆሮ ቀለም ያየዋል። ርካሽ ከሆነ ይሁን፤ እኔ እገዛዋለሁ።

በ1963ም አልቤርቶ ሶርዲ ወደ ስዊድን የሄደ ነጋዴ ሆኖ ሠርቷል። የሰሜን ሴት ዝም ብላ እጄ ላይ ትወድቃለች ብሎ ሄዶ፣ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። እዚያም የሚሳቀው በሄደው ሰው ነው። ልማዱ የቆየ ነው ለማለት ያህል ነው።

አራተኛው ክስ የአክስቴ ልጅን ይበልጥ ያናደዳት ነው። «ኖርዌያውያን ቀልድ አያውቁም።» እሷ ቤርገን በሄደች ሰሞን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የሆነችውን ትናገራለች። አንድ ሰውዬ ቆሟል። እሷ እንደለመደችው አጠገቡ ሄዳ ቆመች፤ እኛ አገር የታክሲ ሰልፍ ላይ ክፍተት ከተውክ ሌላ ሰው ይገባበታል። ሰውዬው አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ። እሷ ክፍተቱን ሞላችው። እሱ እንደገና ፈቀቅ አለ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ከመጠለያው አስወጥታ ዝናብ ላይ አቆመችው። ይህን ሥራ ቦታ ስትነግራቸው ኖርዌያውያኑ ጠረጴዛ እየደበደቡ ነው የሳቁት። በራሳቸው ነው የሳቁት። ከዚያ ሌላ አምስት እንዲህ ያለ ቀልድ ጨመሩላት።

በፊልምም መልስ አልሰጡም የሚለው ስህተት ነው። «ሊሊሀመር»ን እንውሰድ። ፊልም ሳይሆን ተከታታይ ድራማ ነው፤ ግን ጉዳዩ ያው ነው። የጻፉት ኖርዌያውያኑ አን ቢዮርንስታድና አይሊፍ ስኩድቪን ናቸው። ፍራንክ የተባለ የኒውዮርክ ጣሊያን-አሜሪካዊ ማፍያ፣ ስቲቨን ቫን ዛንት ነው የሚሠራው፣ ባልደረቦቹን አጋልጦ የምስክር ጥበቃ ውስጥ ይገባል። «የት ትሂድ?» ሲሉት ሊሊሀመር ይላል። ለምን? የ1994ቱን የክረምት ኦሊምፒክ ቴሌቪዥን ላይ አይቶ ከተማዋን ወዷታል። ድራማው በጥር 2012 በኖርዌይ ቴሌቪዥን ሲጀምር ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አየው። አገሪቱ ያን ጊዜ 5 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ ኔትፍሊክስ የራሴ ብሎ ያቀረበው የመጀመሪያው ተከታታይ ድራማ እሱ ነው።

እዚህ ጋ የሚሳቀው በማን ይመስላችኋል? ፍራንክ ሥራ ሊጀምር ሲል ናቭ ወደተባለው የመንግሥት ቢሮ ይላካል። ናቭ የሥራና የድጎማ መሥሪያ ቤት ነው፤ ኖርዌይ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ደጁን ያውቃል። እዚያ ያለው ሠራተኛ ገር ፊት፣ ብዙ ፎርም፣ ብዙ ደንብ ነው። በዱላ የማይፈራ ማፍያ በፎርም ተያዘ። ግን ብዙም ሳይቆይ ያ ደንብ አክባሪ የሚመስለው ሠራተኛ ራሱ ጉድ እንዳለበት ይታያል፤ ፍራንክም ያንን ጉድ ይዞ ነው ሥራውን የሚያስፈጽመው። ኖርዌያውያኑ ጸሐፊዎች «እኛ ንጹሕ ነን» የሚለውን የራሳቸውን እምነት ነው በማፍያው እጅ ያስመቱት። ይህ ቀልድ ካልሆነ ቀልድ ምን እንደሆነ ጸሐፊው ይንገሩኝ።

ደግሞ ነገሩ ፊልም ከመሆኑ በፊት በእውን የሆነ ነው። በግንቦት 1926 «ኖርጌ» የተባለች የአየር መርከብ (በጋዝ የምትንሳፈፍ፣ ሞተር ያላት ግዙፍ ፊኛ) ከስቫልባርድ ተነሥታ፣ ሰሜን ዋልታን አቋርጣ አላስካ ዐረፈች። መርከቧን የነደፋትም ያበረራትም ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ኖቢሌ ነው። የጉዞው መሪ ደግሞ ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን። ሁሉም ሰው ዕቃ እንዲቀንስ ተነግሮታል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። ኖቢሌ ግን ቲቲና የምትባል ውሻውን ይዞ ገባ። ዋልታው ላይ ሲደርሱ የየአገራቸውን ባንዲራ ቁልቁል ወረወሩ። አሙንድሰንና አሜሪካዊው ኤልስዎርዝ ትንንሽ ባንዲራ አወጡ። ኖቢሌ ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ ትልቅ ባንዲራ አወጣ።

አሙንድሰን ይህን አልረሳም። በ1927 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ቂሙን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሲያትል ወደብ ሲደርሱ እሱና ኤልስዎርዝ አላስካ ላይ ያገኙትን የሥራ ልብስ ለብሰው ነበር። ኖቢሌ ግን ሙሉ ወታደራዊ ልብሱን ግጥም አድርጎ ብቅ አለ። ያ ሁሉ «ኪሎ ቀንሱ» ሲባል ልብሱ የት ነበር? አበባ የያዘች ትንሽ ልጅ ልትቀበላቸው መጣች። መሪው ማን እንደሆነ አታውቅም። አበባውን ለማን ሰጠች? ለባለ ልብሱ።

ይህን ትዕይንት የፈጠረው ደራሲ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው «ያረጀ የጣሊያን ሥዕል» ይሉት ነበር።

ታሪኩ በቀልድ አላለቀም። በ1928 ኖቢሌ «ኢታሊያ» በተባለች ሌላ የአየር መርከብ ተመልሶ በረዶ ላይ ወደቀ። ሊፈልጉት ከወጡት አንዱ ያ ያኮረፈው አሙንድሰን ነበር። የተሳፈረበት አውሮፕላን ጠፍቶ ቀረ። ኖቢሌ ተረፈ፤ ቲቲናም ተረፈች። ጣሊያን ዛሬ ስቫልባርድ ላይ ያላት የምርምር ጣቢያ ስሙ የተወሰደው ከዚያች ከወደቀችው መርከብ ነው። በ2022 ደግሞ ኖርዌያዊቷ ካይሳ ኔስ ይህንኑ ታሪክ «ቲቲና» የተባለ የአኒሜሽን ፊልም አደረገችው። የሁለቱን ወንዶች ትዕቢት የምናየው በውሻዋ ዓይን ነው። አሙንድሰን ኖርዌይ ውስጥ ትልቅ ጀግና ነው። ቀልድ የማያውቅ ሕዝብ ጀግናውን ለውሻ አሳልፎ አይሰጥም።

እና «ለእኛ ምናችን ነው?»

ካዛንቺስ ሄደው ማኪያቶ ይጠጡና ይጠይቁኝ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ነው። «ካዛ» ቤት ነው፤ «ኢንቺስ» የተቋሙ ምህጻረ ቃል ነው። የመንግሥት ተቀጣሪ ቤት። ፖስቶ ፊሶ አዲስ አበባ ላይ ሰፈር ሆኖ ተቀምጧል፤ ታክሲ ረዳት ሲጣራው ያደገ ሰው ነው «ምናችን ነው?» የሚለው። የቼኮ አያት ማህተሙን ይዞ ካዛንቺስ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ልጄ የመንግሥት ሥራ ይያዝልኝ ብላ የተሳለች እናት ለማግኘትም ፑሊያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

በዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። ጸሐፊው «እኛን አይመለከትም» ሲሉ፣ እኛን በቀጥታ የሚመለከተውን አለፉት። ፊልሙ የሚጀምረው ኖርዌይ አይደለም። ጣሊያንም አይደለም። የሚጀምረው አፍሪካ ነው። ቼኮን አንድ ጎሳ ይዞታል፤ ሕይወቱን ለማትረፍ ታሪኩን ለአለቃቸው ይተርካል። የምናየው ሁሉ ለዚያ አለቃ የሚነገር ታሪክ ነው። መጨረሻው ላይም ወደዚያው እንመለሳለን፤ ቼኮ ወንበሩን ለቆ በገንዘቡ ለሕፃናት መድኃኒት ይገዛል።

ኖርዌይ በፊልሙ ውስጥ ከተማ አላት፤ ቤርገን። የጣሊያን ከተሞች ስም አላቸው። ያ ጎሳ ግን የት እንዳለ አይነገረንም። አፍሪካ ነው፣ በቃ። ኖርዌያዊው ዝም ሲል የራሱ ምክንያት እንዳለው እናውቃለን። አፍሪካዊው ጦር ይዞ የቆመው ለምን እንደሆነ ማንም አያስረዳንም። ክላክሱ ላይ የጠየቅኩትን እዚህም ስጠይቅ መልሱ ይገለበጣል። እዚህ ጋ የሚሳቀው በቼኮ እጅ አይደለም።

አላወቁም እንዳንል፣ ጣሊያን አፍሪካን በወሬ የምታውቅ አገር አይደለችም። አዲስ አበባ አምስት ዓመት ተቀምጣለች። አስመራ ከዚያም የበለጠ። ስማችንን ያውቃሉ።

የአክስቴ ልጅ በዚህኛው አልተስማማችም። «አለቃው እኮ ዳኛው ነው፤ ጣሊያኑ ነው የሚለማመጠው» ትላለች። ነጥብ አላት። ግን ያ ዳኛ ስም ቢኖረው ምን ነበረበት? ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል የሚጽፉ ከሆነ፣ አምስቱን ክስ ቀንሰው ይህችን አንዷን ይጨምሩልኝ። ምስክር ሆኜ እቀርባለሁ።